የቀላ ታምቡርና የወረደ እንጥል

ጥያቄ፦ «ከከተማ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ያለን አንድ ኦቶስኮፕ (ብርሃን ያለው የጆሮ መመልከቻ) ነው። ጉንፋንና ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሕፃናትን ጆሮ ሳይ ታምቡሩን አብዛኛውን ጊዜ ቀልቶ አገኘዋለሁ፤ አሞክሳሲሊን አዝዛለሁ፤ ግን ብዙዎቹ በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ። ቶንሲላቸው ትልልቅ ለሆኑትም እንዲሁ አደርጋለሁ። ልጆቹ ስለሚያለቅሱና ስለሚወራጩ የምርመራውን ግማሽ በደንብ ሳላይ አልፈዋለሁ። እናቶች ደግሞ ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት ወይ?› ይሉኛል። ጆሮን፣ አፍንጫን፣ አፍንና ጉሮሮን በትክክል ለመመርመር ከምን ልጀምር? ወደ ሆስፒታል መላክ ያለብኝስ የትኞቹን ነው?»

ምላሽ፦ ታምቡር ስለቀላ ብቻ ጆሮ በኢንፌክሽን ተይዟል አይባልም። ልጅ ሲያለቅስ ታምቡሩ ይቀላል፤ ሲያተኩሰው ይቀላል፤ ኩክ ለማውጣት የጆሮውን ቦይ ስንነካካውም ይቀላል። እርስዎ የሚያዩት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም አሉበት። ስለዚህ ተመልሰው ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ መድኃኒቱ አልሠራ ብሏቸው ሳይሆን ከመጀመሪያውም የጆሮ ኢንፌክሽን ያልነበራቸው ናቸው፤ የተመለሰው ጉንፋናቸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞባቸዋል። ይህ ፈሳሽ መግል አይደለም፤ በአሞክሳሲሊን አይደርቅም፤ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ለሁለቱም ዓይነት ልጆች የተሰጠው መድኃኒት ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

ከቀለም በፊት የታምቡሩን አቀማመጥ ይመልከቱ። ጤናማ ታምቡር ዕንቁ መሰል ግራጫና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ መዶሻ የምትባለው አጥንት እጀታ ከላይ ወደ መሀል ወርዳ ትታያለች፤ ከእጀታዋ ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ታች የብርሃን ሾጣጣ ይዘረጋል። ሾጣጣው በሰዓት ገጽ ቢታሰብ በቀኝ ጆሮ በ5፣ በግራ ጆሮ በ7 ቁጥር አካባቢ ነው። በአጣዳፊ የመሀል ጆሮ ኢንፌክሽን መግሉ ታምቡሩን ከውስጥ ስለሚገፋው ወደ እኛ ተወጥሮ ይወጣል፤ የመዶሻዋ እጀታ ትሰወራለች፤ ዙሪያው አብጦ መሀሉ ብቻ በክር እንደተሰፋ ትራስ ጎድጎድ ይላል። ይህን ያየ ሰው ቀለሙ ቀይም ይሁን ቢጫ ምርመራውን ጨርሷል። የተወጠረ ቢጫማ ታምቡር ካልተወጠረ ቀይ ታምቡር ይልቅ አሳሳቢ ነው። በተቃራኒው ታምቡሩ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ቀለሙ ወደ ማር ካደላ፣ ወይም ከጀርባው የአየር አረፋ ወይም የፈሳሽ መስመር ከታየ ያለው መግል ሳይሆን ፈሳሽ ነው። ኦቶስኮፕዎ የጎማ መንፊያ የሚገጠምበት ዓይነት ከሆነ መንፊያውን ፈልገው ያስገጥሙ። በቀስታ ሲነፋ የሚንቀሳቀስ ታምቡር ከጀርባው አየር አለው፤ የማይንቀሳቀስ ፈሳሽ ወይም መግል አለው፤ አለበለዚያ ቀዳዳ አለበት። ቀላ አልቀላ የሚለውን ክርክር በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ሌላ መሣሪያ በጤና ጣቢያ ደረጃ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ የጆሮ ሕመም ያለውን ወይም ጆሮው ከ14 ቀን ላነሰ ጊዜ የመገለውን ልጅ በአጣዳፊ የጆሮ ኢንፌክሽን ይመድበዋል፤ አሞክሳሲሊን ለ5 ቀን እንዲሰጠውም ያዛል። ይህን መመሪያ ተዉት አላልኩም፤ ይከተሉት። እኔ የምቃወመው ጆሮው ያላመመውን፣ ያልመገለውን፣ ታምቡሩ ያልተወጠረውን ልጅ በቀለም ብቻ ማከምን ነው።

ብዙ ጊዜ ታምቡሩ የማይታየው በአያያዝ ጉድለት ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ቀጥ ያለም አይደለም። ውጫዊው አንድ ሦስተኛ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ነው፤ ጸጉርና ኩክ ያለው እዚያ ነው። ውስጠኛው ሁለት ሦስተኛ አጥንት ላይ በተለጠፈ ስስ ቆዳ የተሸፈነ ስለሆነ በትንሽ ንክኪ እጅግ ያማል፤ ይደማልም። ቦዩን ለማቅናት በአዋቂና ከፍ ባለ ልጅ የጆሮውን ቅርፊት ወደ ላይና ወደ ኋላ እንስባለን፤ ከሦስት ዓመት በታች ባለ ሕፃን ግን ወደ ታችና ወደ ኋላ። ይህችን አንዲት ነገር በማስተካከል ብቻ «አልታየኝም» የተባለ ታምቡር ሲገለጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ወደ ቦዩ የሚገባውን ቀዳዳ ያለው ጫፍ ሲመርጡ ትንሹን ሳይሆን ቦዩ የሚቀበለውን ትልቁን ይምረጡ፤ ትልቁ ሰፊ ያሳያል፣ ወደ ጥልቁ ገብቶም አያሳምምም። የቀኝ ጆሮን በቀኝ እጅ፣ የግራን በግራ እጅ ይመርምሩ። መሣሪያውን እስክሪብቶ እንደሚያዝ ይዘው የትንሽ ጣትዎን ጎን ልጁ ጉንጭ ላይ ያሳርፉ፤ ልጁ ድንገት ቢዞር እጅዎ አብሮት ይዞራል እንጂ ጫፉ ቦዩን አይወጋውም። የባትሪውን ጉልበትም ያረጋግጡ፤ ባትሪው እየደከመ ያለ ኦቶስኮፕ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ ስለሚያደላ ጤናማውን ታምቡር ሁሉ ቀይ ያደርግልዎታል። ከጥያቄዎ ስነሳ ይህ በእርስዎ ጤና ጣቢያም ሊኖር እንደሚችል እጠረጥራለሁ።

ኩክ ታምቡሩን ከጋረደው መዝገቡ ላይ «ታምቡሩ አልታየም» ብለው ይጻፉ። ይህ ራሱን የቻለ የምርመራ ውጤት ነው፤ ገምቶ «ቀልቷል» ከማለት እጅግ ይሻላል። ኩክ በሽታም ቆሻሻም አይደለም። የሚወጣው ሲያም፣ መስማት ሲያግድ ወይም ታምቡሩን ማየት ግድ ሲሆን ነው። በውኃ ማጠብ የሚቻለው ታምቡሩ ተቀዶ ለማያውቅ፣ ጆሮው መግሎ ለማያውቅ፣ በሌላኛው ጆሮውም ለሚሰማ ሰው ነው። ውኃው የሰውነት ሙቀት ሊኖረው ይገባል፤ ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ ውኃ ሰውየውን አዙሮ ይጥለዋል። መርጫውን ወደ ታምቡሩ ሳይሆን ወደ ቦዩ የላይኛውና የኋላ ግድግዳ ያቅኑት። ወላጆች በክብሪት እንጨት፣ በጸጉር መርፌና በላባ ጆሮ መጎርጎርን እንዲተዉ በየአጋጣሚው ይንገሯቸው፤ ከሚያወጡት ኩክ ወደ ውስጥ የሚገፉት ይበልጣል።

የሚመግል ጆሮ ሲያጋጥምዎ መግሉን ጠርገው ታምቡሩን ሳያዩ ጠብታ አይዘዙ። መግሉ ከ14 ቀን በላይ ከቆየ ሕመሙ ሥር የሰደደ ነው፤ ዋናው ሕክምናም ክኒን ሳይሆን ጆሮውን ማድረቅ ነው። ንጹሕና ውኃ የሚመጥ ጨርቅ ወይም ጋዝ እንደ ክር ተጠቅልሎ ጆሮው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲረጥብ እየተለወጠ ደርቆ እስኪወጣ ይደጋገማል፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ የሲፕሮፍሎክሳሲን ዓይነት የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት ይደረጋል። ታምቡሩ ተቀዶ ሳለ የጄንታማይሲን ጠብታ ማንጠብጠብ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ይጠንቀቁ። እናቶች የሚያንጠባጥቡትን ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂና የጡት ወተትም ያስቁሙ። መግሉ ሽታው የሚከረፋ ከሆነ፣ ወይም የታምቡሩ የላይኛው ጥግ ላይ ነጭ ቅርፊት ወይም ጉድጓድ ካዩ ጠብታ እየለዋወጡ ጊዜ አይግደሉ፤ ይህ አጥንት እየበላ ወደ ፊት ነርቭና ወደ አንጎል የሚሄድ ኮሌስቲያቶማ የሚባል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በየልጁ በጣትዎ ይጫኑት። እዚያ ካበጠ፣ ሲነካ ካመመ፣ ጆሮውም ወደ ፊትና ወደ ታች ከተገፋ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሰጥተው በዕለቱ ይላኩት። የጆሮውን ቅርፊት ሲጎትቱት ወይም ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ክዳን ሲጫኑ የሚጮህ ሰው ግን ሕመሙ የቦዩ እንጂ የመሀል ጆሮው አይደለም።

የመስማት ምርመራ ያለ ማሽን አይሆንም ብለው አይተዉት። ከልጁ ጀርባ ሆነው በሹክሹክታ ስሙን ይጥሩ፤ እናቱንም «ስትጠሪው ይሰማሻል?» ብለው ይጠይቁ። እናት «አይሰማኝም» ካለች ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ልክ ናት። ለአዋቂዎች 512 ኸርዝ የሚነዝር ትዩኒንግ ፎርክ (ሲመታ ድምፅ የሚሰጥ ሹካ መሰል ብረት) ካለዎት መትተው የታካሚው ግንባር መሀል ላይ ያሳርፉት። ድምፁ ወደታመመው ጆሮ ካደላ ችግሩ የቦይ ወይም የመሀል ጆሮ ነው፤ ወደ ጤነኛው ካደላ የነርቭ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ትናንት ይሰማ የነበረ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጆሮው የደነቆረበት፣ ቦዩም ታምቡሩም ጤነኛ የሆነ ሰው «ኩክ ነው» ተብሎ ከተመለሰ የመዳን ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። የስቴሮይድ ሕክምና የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና በአስቸኳይ ይላክ።

ልጅ ስለሚያለቅስ አይመረመርም የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበልም። ስህተቱ ከቅደም ተከተሉ ነው። ብዙዎቻችን ልጁ እንደገባ ምላሱን በእንጨት እንጫንና ልጁ እስከ መጨረሻው እንዲፈራን እናደርጋለን። እርስዎ ከሩቅ ይጀምሩ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሳለ አተነፋፈሱን ያዳምጡ፤ አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? ሲስብ ያጓራል? ለሃጩ ይንጠባጠባል? ፊቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይንቀሳቀሳል? ይህ ሁሉ ሳይነኩት የሚገኝ ነው። ቀጥለው አንገቱን ይዳስሱ፤ ከዚያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጆሮዎቹን፤ መጀመሪያ የማያመውን ጆሮ፣ ከዚያ የሚያመውን። ጉሮሮ የመጨረሻው ይሁን። ለጆሮ ምርመራ እናትየው ልጁን በጎን ታስቀምጠው፤ እግሮቹን በጭኖቿ መሀል ታጥብቅ፤ በአንድ እጇ ሁለቱን ክንዶቹን ከደረቷ ጋር ታቅፍ፤ በሌላኛው ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ታስደግፍ። በሚገባ የተያዘ ልጅ ቢያለቅስም አይጎዳም፤ በከፊል የተያዘ ልጅ ግን ይጎዳል። ለቅሶውም የራሱ ጥቅም አለው፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ ትንፋሹን ሲስብ እንጨቱን ሳያስገቡ ቶንሲሉንና እንጥሉን አጥርቶ ያሳይዎታል።

ብርሃን ከሁሉ ይበልጣል። በግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ይግዙ፤ ሁለቱንም እጅዎን ነፃ ያወጣልዎታል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለው የድምፅ መምህር በ1854 እ.ኤ.አ. የራሱን የድምፅ አውታሮች ያየው በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን ነበር። ታካሚውን ወደ መስኮት አዙሮ ማስቀመጥ ደካማ ባትሪ ካለው መብራት የተሻለ ያሳያል።

አፍንጫ ላይ አልቆይም፤ ነገር ግን በጤና ጣቢያ ደረጃ ብዙ ነገር የሚያመልጠው እዚህ ነው። የአፍንጫውን ጫፍ በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ ገፋ አድርገው በሰፊው የኦቶስኮፕ ጫፍ ውስጡን ይዩ። ከጎን ግድግዳው ወጥቶ የሚታየው ሮዝ ሥጋ ተርቢኔት ይባላል፤ የሁላችንም አፍንጫ ውስጥ አለ። «አፍንጫው ውስጥ ሥጋ በቅሏል» ተብለው ከሚላኩልን ሰዎች ብዙዎቹ ያላቸው ይኸው ነው። እውነተኛው የበቀለ ሥጋ፣ ፖሊፕ የሚባለው፣ ሐመር ግራጫ ነው፤ በጥጥ ሲነኩትም አያመውም። በትንሽ ልጅ አፍንጫ ውስጥ ፖሊፕ የሚመስል ነገር ካዩ ፈጽሞ አይጎትቱ፤ ከአንጎል ሽፋን የወረደ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣው ልጅ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አፍንጫው ውስጥ ባዕድ ነገር አለ፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ስፖንጅ፣ ዶቃ። እናትየው አፏን በልጁ አፍ ላይ ገጥማ፣ ነፃውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቷ ዘግታ፣ አንድ ጊዜ በአጭሩ እንድትተነፍስበት ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። በመቆንጠጫ የሚያንሸራትት ዶቃ ለማውጣት መታገል ግን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የእጅ ሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። የአፍንጫውን መሀል ግድግዳ አቃጥሎ ይበሳዋል፤ ጠብታም ውኃም ሳይጨምሩ ወዲያው ይውጣ ወይም ይላክ። በጆሮ ውስጥም ሕጉ ይኸው ነው። ባቄላና በቆሎ ጆሮ ውስጥ ካሉ በውኃ አይጠቡ፤ ያብጣሉ። ሕይወት ያለው በረሮ ወይም ሌላ ነፍሳት ከሆነ ግን ታምቡሩ ጤነኛ መሆኑን ጠይቀው መጀመሪያ በምግብ ዘይት ይግደሉት፤ ከዚያ ያውጡት።

የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ በሚጠጣበት አካባቢ ሳያቋርጥ የሚነስረውን ልጅ ወይም እረኛ አልቅት አለበት ብለው ይፈልጉት። በብርሃን ሲታይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ነው። የሚያደነዝዝ የሊዶካይን መድኃኒት ሲነካው ይላላል፤ በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጎ ይዞ በቀስታ መሳብ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ካለና ድምፁ ከተሻከረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን አይሞክሩት። አፍንጫው የተመታ ሰው ሲመጣም ከውጭ ጠምሟል አልጠመመም ብቻ ብለው አያብቁ። ውስጡን አይተው የመሀል ግድግዳው በሁለቱም በኩል ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ካበጠና ሲነኩት ከለሰለሰ ደም ቋጥሯል ማለት ነው። በጊዜው ካልፈሰሰ ልም አጥንቱ ይሞትና የአፍንጫው ጀርባ ይወርዳል። ይህ ዕድሜ ልክ የሚቀር ጉዳት በአንድ ደቂቃ ምልከታ ይድናል።

አፍ ሲመረመር ጉሮሮ ላይ ቸኩሎ መድረስ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ከንፈሩን፣ ድዱን፣ የጉንጩን ውስጥ፣ ላንቃውን፣ የምላሱን ጎንና ሥር ይዩ። ትኩሳት ላለው ልጅ የጉንጩ ውስጥ በመንጋጋ ጥርሶቹ ትይዩ ነጫጭ ነጠብጣብ ካዩ ሽፍታው ገና ሳይወጣ ሕመሙ ኩፍኝ መሆኑን ደረሱበት ማለት ነው። የተጎሳቆለ ወይም ከኩፍኝ ያገገመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ፣ ጠቁሮና ሸትቶ ካገኙት ኖማ ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ሕመም ነው። በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበሳል፤ ድድ ላይ ሳለ ከተያዘ ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይቆማል። አዋቂ ሰው ላይ ጓንት አድርገው የምላሱን ጎንና የአፉን ወለል በጣትዎ ይዳስሱ። ዓይን የማያየውን ጠጣር እብጠት ጣት ያገኘዋል። ጫት የሚቅሙና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ጉንጭ ላይ ያለ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ ማንም ሰው ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ናሙና ይወሰድለት እንጂ ቅባት አይታዘዝለት።

ወደ ጉሮሮ ሲደርሱ ምላሱን አያስወጡ፤ ከወጣ እየጠነከረ ይጋርድብዎታል። በአፉ ይተንፍስ፤ እንጨቱን በምላሱ መካከለኛ ክፍል ላይ፣ ወደ ጎን አድርገው ይጫኑ። ወደ ሥሩ ከሄዱ ያስመልሰዋል። ቶንሲል ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለ ልጅ ትልቅ መሆኑ ተፈጥሮው ነው፤ ትልቅነቱ ብቻውን መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አይፈልግም። የሚጠየቀው «ሲተኛ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ይላል?» የሚለው ነው። አንዱ ቶንሲል ብቻ ከሌላው በግልጽ ከበለጠና ልጁም ሆነ አዋቂው ካላመመው ይላክ። አንዱ ወገን አብጦ እንጥሉን ወደ ሌላው ከገፋው፣ አፉንም መክፈት ካቃተው መግል ቋጥሯልና ይከፈታል፤ በክኒን አይድንም።

ለጉሮሮ ሕመም አንቲባዮቲክ መስጠት ያለብን ማንን ነው? በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከጉሮሮ ያልፋል። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተያዘ ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ የልብ በሮች (ቫልቮች) ተበላሽተውባቸው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ወጣቶቻችን ጣጣ መነሻው ይኸው ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል። ስለዚህ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል፣ ከመንጋጋው ሥር ሲነካ የሚያም ዕጢ ካለውና ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ከሌለው የባክቴሪያ ነው ብለው ያክሙት። ለፔኒሲሊን አለርጂ እንደሌለው ጠይቀው አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ አለበለዚያ አሞክሳሲሊን ሙሉ 10 ቀን ይስጡት። ሦስት ወይም አምስት ቀን እዚህ ላይ አይበቃም። የሚያስለው፣ አፍንጫው የሚፈሰው፣ ድምፁ የጎረነነው ልጅ ግን ሕመሙ የቫይረስ ነው፤ የሚያስፈልገው ፓራሲታሞልና የሚጠጣ ነገር ነው።

እንጥል መውረድ የሚባል በሽታ የለም። እንጥል የላንቃ ጫፍ ናት፤ ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃው ጋር አብራ ትዘጋለች። ጉሮሮ ሲቆጣ አብጣ ምላስን ትነካለች፤ ልጁም ይስላል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉሮሮው ሲድን ትመለሳለች። መቆረጧ ሳሉን አያስቀርም። ያመጣው ነገር ግን ታይቷል፤ የማይቆም ደም፣ የደም መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በጋራ ምላጭ የሚተላለፍ ኤች አይ ቪ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በወንጀልነት ያስቀምጣል። እናትየዋን ግን በሕግ አያስፈራሯት። የልጇን ጉሮሮ በመብራት ያሳይዋት፤ ቀጥሎ የእርስዎን አፍ ከፍተው የእርስዎን እንጥል ያሳይዋት፤ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ «ኣ» እያሉ። በዓይኗ ያየች እናት ለአማቷም ለጎረቤቷም ታስረዳለች።

አሁን ጉሮሮ ፈጽሞ የማይነካበትን ሁኔታ ልንገርዎ። ከፍተኛ ትኩሳት ያለው፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ የተቀመጠ፣ ሲተነፍስ የሚያጓራ ልጅ ካዩ እንጨቱን ያስቀምጡ። የመተንፈሻ ክዳኑ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ምላሱን መጫን ትንፋሹን እዚያው ሊዘጋው ይችላል። በጀርባው አያስተኙት፣ አያስለቅሱት፤ እናቱ እንደታቀፈችው ኦክስጅን እየተሰጠው ይሂድ። በ1999 ዓ.ም. የገባው ባለ አምስት ክትባት የዚህን ሕመም ዋና ባክቴሪያ ስለሚከላከል እየቀነሰ መጥቷል፤ ያልተከተበ ልጅ ግን ዛሬም አለ። ጉሮሮው ላይ ሲነካ የሚደማ ግራጫ ሽፋን ያለው ያልተከተበ ልጅም ዘጊ አናዳ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለይተው ያስቀምጡት፤ በዕለቱም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ምክሬ ግልጽ ነው። ከነገ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጆሮ አራት ነገር ይጻፉ፤ ታምቡሩ ታየ ወይስ አልታየም፣ ተወጥሯል ወይስ ወደ ውስጥ ተስቧል፣ ብርሃን ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም፣ ተቀዷል ወይስ ሙሉ ነው። ቀለሙ አምስተኛ ይሁን። ከአራቱ አንዱም ካልተበላሸና ጆሮው ካላመመው አንቲባዮቲክ አይዘዙ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይመለስ ይበሉ። ታምቡሩ ካልታየዎት ግን ጤነኛ ነው ብለው አይለፉ፤ ኩኩን አስወግደው ወይም በሌላ ቀን ደግመው ይዩት። የኦቶስኮፑን ጫፎች በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል መጀመሪያ በሳሙና አጥበው፣ ከዚያ በ0.5 በመቶ ክሎሪን 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በውኃ አለቅልቀው ያድርቁ፤ የሚመግል ጆሮ የነካ ጫፍ ወደ ሌላ ልጅ ጆሮ አይግባ።

በዕለቱ የሚላኩትን ከላይ ጠቅሻቸዋለሁ፤ ከጆሮ ጀርባ ያበጠበት፣ ድንገት የደነቆረ፣ ባትሪ የገባበት፣ የአፍንጫው ግድግዳ ደም የቋጠረ፣ አፉ አልከፈት ያለው፣ ሲተነፍስ የሚያጓራ። በዚህ ላይ ጆሮው እየመገለ ፊቱ የጠመመ ወይም የሚያዞረው ሰው ይጨመር። በሳምንታት ውስጥ ቀጠሮ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ ድምፁ የጎረነነ፣ አንገቱ ላይ የማያም ጠጣር እብጠት ያለው፣ እንዲሁም በአንድ ወገን አፍንጫው የሚዘጋና የሚነስረው አዋቂ ናቸው። አዋቂ ሰው በአንድ ጆሮው ብቻ ፈሳሽ ከቋጠረ ከአፍንጫው ጀርባ ዕጢ እንዳለ ማየት የእኛ የአንገት በላይ ሐኪሞች ሥራ ነው። ሲልኩ ወረቀቱ ላይ «ቶንሲል» ወይም «የጆሮ ሕመም» ብለው ብቻ አይላኩ። የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ስንት ቀን እንደተሰጠና ታምቡሩ መታየት አለመታየቱን ይጻፉ፤ ታካሚው ሩቅ መንገድ ተጉዞ ሲመጣ በዚያው ቀን የሚታከመው ወይም በቀጠሮ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ወረቀት ነው።